የስፓኒሽ ክፍላችንን በትሕትና ለዘጉልን ክቡር ዲን

ለሰብአዊ ጥናቶች ፋኩልቲ ዲን
ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ኮሪደር መጨረሻ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወገብዎም በዚያ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት ለመቀመጥ የበረታ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ወር በስፓኒሽ ቋንቋና በሂስፓኒክ ባህሎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከተቀበሉት ሁለት ተማሪዎች አንዷ ነኝ። «ከሁለቱ አንዷ» ስል በብልጫ የተመረጡትን ማለቴ እንዳይመስልዎ፤ ጠቅላላ ብዛታችን ሁለት ነበር።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ደርሶናል» ከሚል ማኅተም በቀር ምላሽ ስላላገኙ ነው። ማኅተሙ ግን በጣም ጥርት ብሎ ያረፈ ነበር፤ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቅሬታ መዘርዘር እንደሚገባው አላጣሁትም። ዳሩ ግን የፀጉር አስተካካይ ልጅ ነኝና፣ ምላጭ አንገቱ ላይ ያረፈበትን ሰው በለስላሳ ቃል ማነጋገር እንደሚገባ ከአባቴ ተምሬአለሁ። ስለዚህ ቅሬታዬን ትቼ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ምደባው

ከአራት ዓመት በፊት ቅጽ ስሞላ አንደኛ ሕግ፣ ሁለተኛ ጋዜጠኝነት፣ ሦስተኛ ታሪክ ብዬ፣ አራተኛው ሳጥን ባዶ እንዳይቀር ብቻ ከዝርዝሩ ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ጻፍኩ። አራተኛው ደረሰኝ። የምደባው ወረቀት ቤት በገባ ዕለት አክስቴ አገላብጣ አይታው፣ «ስፓኒሽ? ከማን ጋር ልታወሪበት ነው፣ ከግድግዳ ጋር?» አለችኝ። የአባቴ ደንበኞች ይሻሉ ነበር፤ ኳስ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ሲሰዳደቡ እንድተረጉምላቸው ከወዲሁ ቀጠሮ ያዙልኝ።

እኔም እያለቀስኩ ቢሮዎ ገባሁና ክፍል እንዲቀየርልኝ ለመንኩ። ክቡርነትዎ ምናልባት ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። መሐረብ ሰጥተውኝ፣ «ልጄ፣ ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ያወቀ ሰው አንድ ቀን የሚፈለግበት በር አያጣም» ብለው ማመልከቻዬ ላይ «አይቻልም» ብለው ፈረሙበት። ትክክል ነበሩ። ይህኛው ምስጋናዬ ምንም ቅመም የሌለበት ነው፤ እንዲሁ ይውሰዱት።

፪. ስለ ክፍሎቹ

በአራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ክፍል እንድንቀይር በማድረግ ግቢውን ጥግ ከጥግ እንድናውቀው አድርገውናል። መስኮት ካለው ክፍል ተነሥተን መስኮቱ ወደ ተቀባ ክፍል፣ ከዚያ መስኮት ወደሌለው፣ በመጨረሻም ወደ ጠመኔ መጋዘኑ ገባን። ስንጀምር አሥራ አንድ ነበርን፤ በየዝውውሩ ሁለት ሦስት ሰው እየተንጠባጠበ፣ ጠመኔው ዘንድ የደረስነው እኔና አንድ ልጅ ብቻ ነን። ልጁን «ፀጥታ» እንለዋለን። አስተማሪ ስሙን ሲጠራ «አቤት» ከማለት ያለፈ ድምፅ አውጥቶ የማያውቅ፣ ግን እጁ የገባውን ሁሉ የሚያነብ ልጅ ነው።

መምህርታችንን «ፕሮፌሶራ» እንላቸዋለን። የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ኖሯቸው አይደለም፤ በስፓኒሽ ማንኛዋም የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ እንዲሁ ስለምትባል ነው። በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ፣ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጭን፣ ነጠላ ጫማቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። የስፓኒሽ ተናጋሪ ሀገሮችን ካርታ ከክፍል ወደ ክፍል ጠቅልለው ያዞሩት ነበር። የመጋዘኑ ግድግዳ ግን ለካርታው ስላጠረ ከታች ያለው ጫፉ ወለሉ ላይ ተነጠፈ፤ በዚህም ምክንያት እኔና ፀጥታ ዓመቱን ሙሉ ቺሊን ላለመርገጥ እየተጠነቀቅን ገባን፣ ወጣን። ለሌላ ሕዝብ ዳር ድንበር እንዲህ ያለ አክብሮት ያስተማረ ፋኩልቲ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

፫. ስለ ማስታወቂያው

በሦስተኛው ዓመት አጋማሽ «የሂስፓኒክ ሀገሮች ባህልና የአነጋገር ልዩነት» የሚለው ትምህርት እንዲቋረጥ በፊርማዎ የወጣውን ማስታወቂያ በቃሌ ይዤዋለሁ። «አንድን ቋንቋ ሁለት ጊዜ ማስተማር የሀብት ድግግሞሽ ሆኖ ስለተገኘ» ይላል። ፕሮፌሶራ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ቋንቋውን ያለ ሰዎቹ አስተምሩ ተብለናል» አሉን።

ነገር ግን ትምህርቱን አላቆሙም። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓታቸው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። አንድ ሀገር ውስጥ «አሁኑኑ» ማለት የሆነው ቃል ሌላው ዘንድ «ከፈቀድኩ» ማለት እንደሆነ፣ አንዱ አክብሮት ብሎ የሚናገረው ለሌላው ቅዝቃዜ መስሎ እንደሚሰማው፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ ነው የሚያስተምሩት። ፀጥታ አንድም ሐሙስ አልቀረም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሄድኩና ተውኩት፤ ነጥብ አይያዝበትም፣ ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም፣ ደግሞም በማስታወቂያ ተከልክሏል። ክቡርነትዎ፣ ከተማሪዎችዎ ሁሉ ትእዛዝዎን ፊደል ሳታጓድል የፈጸመችው እኔ ነበርኩ። ቀጥሎ የምተርከው የመታዘዜን ፍሬ ነው።

፬. ስለ ሆስፒታሉ

በመጨረሻው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከከተማው ሆስፒታል ወደ ዩኒቨርሲቲው ስልክ ተደወለ። ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ አንዲት በሽተኛ አሉና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይላክልን ነው ጥያቄው። ስልክ አዞሪዋ ዝርዝሯን ብታይ የእኛ ክፍል የለም። በመጀመሪያው ፊደል ተመርታ ስፖርት ክፍል አገናኘቻቸው፤ ስፖርት ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መጻሕፍት ወደ ንብረት ክፍል መራ። በመጨረሻ የጠመኔ መጋዘኑ ኃላፊ፣ «ኧረ እኔ ጋ ናቸው! እኔ ጋ ናቸው!» እያሉ ሮጠው መጡ። ከፋኩልቲው ሠራተኞች ሁሉ መኖራችንን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ያን ዕለት ተረዳን። ፕሮፌሶራ በእርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ እኔና ፀጥታ ሄድን።

በሽተኛዋ አሥራ አንድ አልጋ ባለበት የሴቶች ክፍል፣ መስኮት ሥር ተኝተዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ በክር ታስሯል። ልጃቸው ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሆኖ እዚህ ስለሚኖር ሊጠይቁት መጥተው ነበር። እሱ ሩቅ ሥራ ቦታ እንዳለ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው፤ እሳቸው ደግሞ ባረፉበት ቤት ብቻቸውን ታመሙ። ሦስት ቀን ሙሉ የሚናገሩትን የሚሰማ ሰው አጥተው ከርመዋል። እኔ «ቡዌኖስ ዲያስ፣ ሴኞራ»፣ ማለትም «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ» ባልኩ ጊዜ የእጄን አንጓ ጭብጥ አድርገው ይዘው የሦስት ቀኑን ወሬ በአምስት ደቂቃ አፈሰሱት። ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹ አመለጠኝ። ደጋግመው የሚሉት አንድ ቃል ግን ነበር፤ «ኮንስቲፓዳ»።

ሐኪሙ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት ነው። «ይቺን ቃል እኔም ለይቻታለሁ» አለኝ። «በእኛ በሕክምናው ቋንቋ የሆድ ድርቀት ማለት ነው። የሚያላላ መድኃኒት እየሰጠናቸው ነው፤ ግን ከቀን ወደ ቀን እየደከሙ ሄዱ። እስቲ ልክ መሆኔን አረጋግጪልኝ።»

መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። ቃሉን አገኘሁት። «የሆድ ድርቀት ያለበት» ይላል።

«ልክ ነዎት ዶክተር» አልኩ፣ በኩራት። ነርሷ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ልታደርግ ስትነሣ ሴኞራዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሆነ ነገር አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልወጣም። እኔ ምን ነካቸው ብዬ አላሰብኩም። መጽሐፉ ነግሮኛላ።

ያኔ ከአልጋው ግርጌ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። የፀጥታ ነበር። «ከየት ሀገር እንደመጡ ጠይቂያቸው» አለ።

«አሁን የትውልድ ሀገር የሚጠየቅበት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«ጠይቂያቸው።»

ጠየቅኳቸው። ከስፔን ነኝ፣ ከሰሜኑ፣ ከባሕሩ ዳር አሉ። ፀጥታ ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዶክተር፣ ሆዳቸውን አይደለም። እዚህ መዝገበ ቃላት ላይ ያለው የወዲያ ማዶ፣ የላቲን አሜሪካ ሀገሮች ፍቺ ነው። እሳቸው ሀገር ኮንስቲፓዳ የሚባለው ብርድ የመታው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ቃሉ ወደ ሆድ የወረደው ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ ነው።»

ሐኪሙ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ሴኞራዋን ቀና አድርጎ ማዳመጫውን ጀርባቸው ላይ አኖረ። በገቡ ዕለት ደረታቸው ንጹሕ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ማንም ደግሞ አላዳመጠውም፤ ሁሉም ሆድ ሆድ ሲል ነው የሰነበተው። ማዳመጫውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። መልሶም አዳመጠ። «ሳንባቸው» አለ፤ ነርሷም ሮጠች።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙ የፀጥታን ትከሻ ይዞ፣ «ከነገ ወዲያ ብትመጡ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ መዝገበ ቃላቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር። ዋና ነርሷ ሻይ አምጥታልኝ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ መጽሐፉ ያለውን ነው ያልሽው» አለችኝ። ሊያጽናናኝ የታሰበው ቃል ይበልጥ አሳመመኝ። አዎ፣ መጽሐፉ ያለውን ነው ያልኩት። ሴትየዋ ግን አጠገቤ ነበሩ፤ እጄን ይዘውኝ ነበር። ከየት እንደመጡ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

፭. ስለ አራቱ መርፌዎች

ሴኞራዋ አሥራ ሁለት ቀን ተኝተው ዳኑ። እኔና ፀጥታ እየተፈራረቅን አብረናቸው ዋልን። በአምስተኛው ቀን ልጃቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የእናቱን እግር በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ለካስ ሴኞራዋ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ሰዋስው ያስተማሩ ጡረተኛ ኖረዋል። ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ ግሴን ያርሙ ነበር።

ሆስፒታሉ ለዩኒቨርሲቲው የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ክቡርነትዎም «ፋኩልቲያችን ለኅብረተሰቡ ያበረከተው አገልግሎት» የሚል ርእስ ሰጥተው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በአራቱም ማዕዘን መርፌ ሰክተው አወጡት። በዚያው ሳምንት፣ ከሥሩ፣ የስፓኒሽ ትምህርት ክፍል «በተፈላጊነት ማነስ» ከሰኔ ጀምሮ መዘጋቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ወጣ። መርፌው አልቆ ኖሮ ይህኛው በአንድ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲመጣ እየተገለበጠ ነጭ ጀርባውን ያሳይ ነበር። ስልክ አዞሪዋ ከፊቱ ቆማ ላይኛውን አነበበች፣ ታችኛውን አነበበች፣ ደግሞ ላይኛውን አነበበች። «እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ናቸው ያልገባቸው?» ብላኝ ሄደች። እኔም ክቡርነትዎ ሁለቱንም በአንድ ብዕር እንደፈረሟቸው አስተዋልኩ፤ ቀለሙ ያው ነው። ያልተዘበራረቀ አሠራር ነውና አመሰግናለሁ።

፮. ስለ ፈተናው

ደንቡ የመጨረሻው የቃል ፈተና ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር በጠባ የውጭ ፈታኝ ፊት ይሁን ይላል። ቢሮዎ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት እንዳልቻለ ገልጾ፣ «ሀገሮቹ ጎረቤት ስለሆኑ» የጣልያንኛ መምህሩ እንዲፈትኑን ሐሳብ አቀረበ። ፕሮፌሶራ ሐሳቡን በጽሑፍ አመሰገኑ። በፈተናው ቀን ግን ሴኞራዋ ከሆስፒታሉ ይዘውት የወጡትን ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ፣ ልጃቸው ደግፏቸው ወደ ጠመኔ መጋዘኑ መጡ። ክቡርነትዎም ተገኝተው ክብር ሰጡን። አርባ ደቂቃ ሙሉ ራስዎን እየነቀነቁ አዳመጡ፤ ሌላው ሰው ስቆ ሲጨርስ እርስዎ ይስቁ ነበር፤ አንድም ሳቅ ግን አላመለጠዎትም።

ምናልባት ምን እንደተባለ ማወቅ ይሹ ይሆናል። ሴኞራዋ የተገናኘንበትን ቀን እንድተርክላቸው ጠየቁኝ። እኔም እስከዚያ ቀን ፀጥታም ሆነ ሌላ ማንም ያልነገራቸውን ነገር ተናገርኩ። «ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ልክ ነዎት ያልኩት እኔ ነኝ። ያዳነዎት ይህ ጓደኛዬ ነው። እኔ መዝገበ ቃላቴን እንጂ እርስዎን አላየሁም» አልኳቸው። በአንድ ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ከቻልኩ፣ ቋንቋው የእኔም ሆኗል ማለት ነው ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ሴኞራዋ፣ «ቀጥሎ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። «ሐሙስን እንኳ ሳልጠብቅ በማግሥቱ ፕሮፌሶራ ጋ ሄጄ ያመለጠኝን ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲያስተምሩኝ ለመንኩ» አልኩ። እውነት ነው፤ ዓመት ሙሉ ያመለጠኝን በሁለት ወር አስተማሩኝ፣ ደረጃው ላይ።

ለፀጥታ ዘጠና አራት ሰጡት። ለእኔ ሰማንያ አንድ። ፕሮፌሶራ ደፈር ብለው፣ «ሴኞራ፣ እኮ እነዚህ ሕይወትዎን ያተረፉ ልጆች ናቸው» ሲሏቸው፣ «ስለ ሕይወቴ አመስግኛቸዋለሁ፤ ይሄ ፈተና ግን የግስ ነው» አሉ። በዚህ ግቢ ውስጥ በአራት ዓመት ያየሁት ከሁሉ የቀና ፍርድ ይህ ነበር፤ የሰጡትም እንግዳ ናቸው። ክቡርነትዎ ሲወጡ እጄን ጨብጠው፣ «ደስ የሚል ቋንቋ ነው፤ ዜማ አለው» አሉኝ። በሳምንቱ ክፍሉ ታሸገ።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ፀጥታ ከመሐንዲሱ ጋር ድልድዩ ዘንድ በአስተርጓሚነት ሄዷል፤ እየተናገረ ይውላል አሉ። ፕሮፌሶራ ጡረታ ወጥተው ማክሰኞና ዓርብ በሆስፒታሉ አዳራሽ ፈቃደኛ ለሆኑ ሁሉ ያስተምራሉ፤ ቀይ ዓይኑ ሐኪምና ዋና ነርሷ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እኔም እረዳቸዋለሁ። ስለ እኛ አይጨነቁ። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ ሬጅስትራር መዘጋታችንን ሳይሰማ ዘንድሮም ሰባት አዲስ ተማሪዎች መድቦልዎታል። ባለፈው ሳምንት አንዷ የምደባ ወረቀቷን ይዛ ግቢውን ስትዞር አገኘኋት። በአራተኛው ሳጥን የደረሳት ልጅ ነች። የታሸገውን በር አሳየኋትና አብሬያት ቆምኩ፤ ሌላ የማሳያት ነገር አልነበረኝም። ለእነዚህ ሰባት ልጆች ሲሉ ክፍሉን ይክፈቱት። መስኮት አንጠይቅም። ያንን «ድግግሞሽ» የተባለውን ትምህርት ግን ይመልሱት፤ በእሱ መጥፋት አንዲት እናት ልትሞትብን ነበርና።

በሁሉም ነገር ታዛዥ ከመሆን በትንሹ ያገገምኩ፣ በጠመኔ ብናኝ እስካሁን የማስነጥስ፣ ለክቡርነትዎ ጤናና ለብዕርዎ ቀለም ሳልጸልይ የማላድር፣ በፊርማዎ የገባሁ፣ በፊርማዎ የተመረቅኩ፣ በፊርማዎ ትምህርት ክፍል አልባ የሆንኩ፣

የቀድሞ ተማሪዎ፣
የፀጉር አስተካካዩ ልጅ

ማስታወሻ፦ በሆስፒታሉ አዳራሽ ከሚማሩት መካከል የክቡርነትዎ ባለቤት ይገኙበታል። አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያለ ስህተት እስኪናገሩ ድረስ ለእርስዎ እንዳንነግር አደራ ብለውን ነበር፤ ባለፈው ማክሰኞ ተሳካላቸው። ዐረፍተ ነገሩ ረዘም ያለ፣ ሰዋስዉ የጠራ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስለ እርስዎ የሚናገር ነበር፤ ክፍሉም ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ትርጉሙን በዚህ ደብዳቤ አያይዤ ልልክልዎ በጣም ጓጉቼ ነበር፤ ነገር ግን በፋኩልቲዎ ከስፓኒሽ የተተረጎመ ጽሑፍ ትክክለኛነቱን አረጋግጦ ማኅተም የሚያደርግ ክፍል ስለሌለ፣ ደንብ ላለመጣስ ስል ተውኩት።